የወንድሜ ፓስወርድ

የመጨረሻውን ቀን ምሳ አብረን በላን። ወንድሜ ሶዶ ውስጥ በአንድ የመሬት ቢሮ የገበሬዎችን ይዞታ ኮምፒውተር ላይ የሚመዘግብ ባለሙያ ነበር። እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ከቢሮው ፊት ለፊት ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። የምንኖረው በአንድ ክፍል ነው። ምን እንደበላን አላስታውስም። ማስታወስ ነበረብኝ።

ከምሳ በኋላ ኮፒ ያደረግኩትን ወረቀት ላደርስ ቢሮው ገባሁ። ወረፋው ረጅም ነበር። አዲስ የተለካው መሬት ዝርዝር በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሰው ሁሉ የሚያየው ያን ሰሞን ነው። ስህተት ያገኘ ሰው ቢሮ መጥቶ ያስተካክላል። ማስተካከያው የሚያበቃው በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር።

ወንድሜ ስክሪኑን ወደ ባለጉዳዩ ያዞር ነበር። ሌሎቹ አያዞሩም። ግን ከብስኩት ካርቶን የቆረጠው መሸፈኛ አለው፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ክፍተት ትቷል። ስክሪኑ ላይ ሲደግፈው የባለጉዳዩ መስመር ብቻ ይታያል፤ የጎረቤቱ ስልክና የመታወቂያ ቁጥር ይሸፈናል። ወረፋ ላይ የነበረ አንድ ሰውዬ «ከካርቶኑ ኋላ ሙሽራ ደብቀሃል እንዴ?» አለው። ሰው ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። ሰውዬው ግን አልተወውም፤ ቀበሌ ግድግዳ ላይ የሁሉን መሬት አይተን የለም ወይ፣ እዚህ ምን ይደበቃል ብሎ ጠየቀ።

«ግድግዳው ላይ ስምና መሬት ነው ያለው፤ እሱን ሁሉም ይየው» አለው ወንድሜ። «እዚህ ግን ስልክና መታወቂያ ቁጥርም አለ፤ ሲስተሙ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ መለወጥም ይችላል። እኔ የማስገባው ሁሉ በስሜ ነው የሚቀመጠው።»

ቀጥሎ ተራው የአንዲት ጠና ያሉ እናት ነበር። ባላቸው ሞተዋል። መሬታቸው በባላቸው ወንድም ስም ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተገኘ። ነገ ስድስት ሰዓት ካለፈ የይዞታ ደብተሩ በባላቸው ወንድም ስም ይወጣል። ምስክሮች በጣት አሻራ የፈረሙበትን ቅጽ ይዘው፣ ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ በእግራቸው መጥተዋል። የሚነጋገሩት በወላይትኛ ነው። «ታ ናዓ» ይሉት ነበር፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ግማሹን እንዳስገባ መብራት ጠፋ። ጠበቁ። አልመጣም። ጠዋት ይምጡ አላቸው። ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ ስላልወደደ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ልክ አልነበረም። የቢሮ ሰነድ ከቢሮ አይወጣም፤ እሱም ያውቀዋል።

አስራ አንድ ተኩል ላይ አስፋልቱን ሲሻገር መኪና ገጨው። ስለ አደጋው ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ሆስፒታል ስደርስ ሕይወቱ አልፎ ነበር። ቦርሳውን ሰጡኝ።

አንድ ያልተናገርኩት ነገር አለ። ፓስወርዱን አውቀው ነበር። ለቤቱ ላፕቶፕም ለቢሮውም አንድ ዓይነት ነበር የሚጠቀመው፤ በአንድ ክፍል ከሰው ጋር ስትኖር ጣቶቹን ታያለህ። አንድ ቀን ለቀልድ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ግን ያኑ ዕለት ጀርባውን ሰጥቶኝ ቀየረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱንም አወቅኩት። ያንን አልነገርኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳን ሲተከል፣ ዘመዶች ከቤሌ ከተማ በመጀመሪያው መኪና ሲደርሱ፣ ቅጹን ከቦርሳው አውጥቼ ተነሳሁ። አጎቴ ክንዴን ያዘኝ።

«ወንድምህ ሳይቀበር ወዴት ነው?»

የሰው ወረቀት እጄ ላይ አለ አልኩት። ለቀቀኝ።

እኚያ እናት ቢሮው በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠዋል። ማንም አልነገራቸውም። ከወንድሜ አጠገብ የምትሠራው ልጅ ዓይኗ አብጧል። ግማሹ በእሱ አካውንት ስለገባ ሌላ ሰው ሊከፍተው እንደማይችል፣ ሲስተሙን የሚቆጣጠረው ሰው መሰረዝ እንዳለበት፣ እሱም እስካሁን እንዳልገባ ነገረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ፓስወርዱን ታውቀዋለህ? በሱ ገብተን እንጨርስላቸው። አምስት ደቂቃ ነው።»

መስጠት ፈልጌ ነበር። ለሴትየዋ ብቻ ብዬ አይደለም። ታትሞ በሚወጣው ወረቀት ላይ «ያስገባው ባለሙያ» የሚል ቦታ አለ። እዚያ የሱ ስም ይሆናል፤ የዛሬ ቀን ይጻፍበታል። አንድ ቀን የተጨመረለት መሰለኝ። ግን ሬሳው ቤት ነው ያለው። ነገ የባላቸው ወንድም ቢከስ፣ የሞተ ሰው እንዴት መዘገበ ይላል። ለመሬቱም ለወንድሜም ስም መጥፎ ነው።

«አውቀዋለሁ» አልኳት። «እኔ ካወቅኩት መዘጋት አለበት። መጀመሪያ ዝጉት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ስልክ ደወለች። ሲስተሙን የሚቆጣጠረው ሰውዬ ሦስት ተኩል ላይ መጣ፤ እያለከለከ። የሠራተኞቹ አካውንት ዝርዝር ላይ የወንድሜን ስም አግኝቶ እጁን ማውሱ ላይ አቆመ። ልዝጋው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔን መጠየቅ አልነበረበትም። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ስሙ ግራጫ ሆነ።

ልጅቷ ከመጀመሪያው ጀምራ በራሷ ስም አስገባችው። እኚያ እናት የጣት አሻራቸውን አኖሩ። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቱ ታትሞ ወጣ።

ደጅ ስንወጣ፣ ትናንት «ነገ ጠዋት ይምጡ» ያላቸው ልጅ የት እንደሄደ ጠየቁኝ። ወንድሙ ነኝ አልኳቸው። የሆነውንም ነገርኳቸው፤ በወላይትኛ፣ በአጭሩ። ወረቀቱን አጥፈው ጉያቸው ውስጥ አደረጉ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ቤቱ በየት በኩል ነው አሉኝ።

በሳቸው እርምጃ ቀስ እያልን ወደ ለቅሶው ሄድን።