መብራት ልማር ስል

ትናንት ሳሎናችን ውስጥ አንድ ሶኬት ተቃጠለ። ያ የቀለጠ ፕላስቲክና የጋለ መዳብ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ባለቤቴ «ሁለት ዲግሪ ይዘህ አንድ ሶኬት አቃተህ?» ብላ ስትስቅብኝ፣ እኔ በሐሳብ እልም ብዬ ጂንካ ገባሁ፤ እናቴ ቤት።

ያኔ የጂኦግራፊ ዲግሪዬን ይዤ እዚያው አስተምር ነበር። እንዴት ያለሁ አስተማሪ መሰልኩህ! የኦሞን ወንዝ ሰሌዳው ላይ ስስለው፣ ፊት የተቀመጡት ተማሪዎች እንዳይረጥቡ እግራቸውን ይሰበስቡ ነበር። ልቤ ግን መብራት ላይ ነበር። ከተማችን የምትበራው በጄኔሬተር ነው፤ እሱን ባስነጠሰው ቁጥር መላው ጂንካ ይጨልማል። ይህን ከእኔ በቀር የሚያስተካክል የለም ብዬ፣ አርባ ምንጭ ወርጄ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ልማር ወሰንኩ።

«እማዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ልመለስ ነው። ይኼኛው የመብራት ነው» አልኳት።

«የፊተኛውስ የምን ነበር?»

«የምድር።»

«ምድርን ጨርሰህ ነው?» አለችና እየሳቀች ወደ ጓዳ ገባች።

ችግር የመጣው ከሰፈሩ ነው። ተመርቆ የመጣ እንጂ፣ ተመርቆ ከመጣ በኋላ ተመልሶ ዩኒቨርሲቲ የገባ በሰፈራችን ታይቶ አያውቅም። ስለዚህ «ወድቋል፤ ዲግሪውንም ነጥቀውታል» ተባለ። የአሪ ብሔረሰብ ተወላጇ ጎረቤታችን የአንድ ጓሮ ሙዝ ተሸክማ እናቴን ልታጽናና መጣች።

«አይዞሽ እታለም፣ ጌታ ያሳልፈዋል። የእኔም ልጅ ስምንተኛን ደግሟል።»

እኔ ሳቅኩ። እናቴ ግን አልሳቀችም። በእኔ ደረቷን ነፍታ የኖረች ሴት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ የምትሄደው አንገቷን ደፍታ ሆነ። ያዘጋጀሁትን ሻንጣ መልሼ ፈታሁት። አንገቷን አስደፍቼ የምማረው መብራት ለማን ሊያበራ?

የፈታሁትን ሻንጣ አየችው። እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ፣ የምርቃት ፎቶዬን ከግድግዳ አውርዳ ታቅፋ ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«ልጄ አልወደቀም!» አለች መሐል ቆማ። «ይኸውላችሁ የፊተኛው። አሁን ሌላ ሊጨምርበት ነው። የእናንተ ልጆች አንዱን ሲይዙ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

የእድሩ ዳኛ ሳይቀሩ አጨበጨቡ። እሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አሁን ብትወድቅ ወዮልህ» አለችኝ።

እኔ ልወድቅ? አርባ ምንጭ አብረውኝ የሚማሩት ልጆች «ጋሼ» እያሉ ከጀርባዬ ሆነው መልሴን ይገለብጡ ነበር። ካልኩለስ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ ግን ከጂንካ ስልክ ተደወለ። እናቴ ታማለች እንኳ አልተባልኩም ነበር፤ ደርሼ ያየሁት ድንኳኑን ነው።

ከጎረቤት ከተማ ከቀይ አፈር የመጡ አንድ ለቀስተኛ «ሟቿ የማን እናት ናቸው?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ።

አሪዋ ጎረቤታችን ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «አያውቋትም እንዴ? የባለ ሁለት ዲግሪው እናት ናት» አለቻቸው።

ሁለተኛውን ገና አልያዝኩም ነበር። አላረምኳትም። በሰልስቱ ማግስት በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርኩ፤ ፈተና ነበረብኝ።