በአራት የተከፈለ ውል፦ ከዊንጌት እስከ ቁስቋም

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከዊንጌት ተነሣሁ። ጉዳዬ አንድ ውል ማስፈረም ነበር። እኔና ባልደረባዬ ሰናይት ለሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች ማኅበር የኮምፒውተር ፕሮግራም ልንሠራ ሁለት ወር ስንነጋገር ከርመናል። በኢንተርኔት ወደ ውጭ መሸጫው፣ ትእዛዝ መቀበያው፣ የክር መጋዘን መቆጣጠሪያው፣ የአባላት ክፍያ መመዝገቢያው፣ ሁሉም ባንድ ላይ በአሥራ አንድ ወር ያልቃል፤ ግማሹ ገንዘብ በቅድሚያ ይከፈላል። ካልፈረሙ ቢሯችንን መዝጋታችን ነው።

ታክሲው እስከ ፒያሳ ተንፏቀቀ። ከዚያ በስድስት ኪሎ በኩል ሽሮ ሜዳ ስደርስ ሦስት ተኩል ሆኗል። በየሱቁ ደጃፍ በተሰቀሉት ቀሚሶች መሀል አልፌ ማኅበሩ ግቢ ገባሁ።

ሰብሳቢው ጋሽ አንጁሎ በልጅነታቸው ከዶርዜ የመጡ ሸማኔ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ውሉን እስከ መጨረሻው አነበቡና መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ይህን ያህል ገንዘብ የለንም። ቢኖረንም ዓመት ሙሉ ምንም ሳናይ አንከፍልም።»

ክው አልኩ። «ጊዜዎን አባከንኩ፣ ይቅርታ» ብዬ ልነሣ ስል፣

«ተቀመጪ እንጂ! ከዚህ ሁሉ ቶሎ የሚጠቅመን የቱ ነው?» አሉኝ።

ውሉን ከፊት ወደ ኋላ አገላበጥኩ።

«ይህን የምታውቀው እታገኝ ናት» አሉና ጋቢያቸውን ደርበው ተነሡ።

ወደ ቁስቋም

ዳገቱን በእግር ወጣነው። እሳቸው ቀድመውኝ ነው የሚሄዱት፤ እኔ በየመታጠፊያው ባሕር ዛፍ እየተደገፍኩ አርፋለሁ። የማኅበሩን ሥራ የምትሸጠው እታገኝ ቁስቋም ማርያም አጠገብ ትኖራለች። ትኩስ ድንች በዳጣ አቀረበችልንና የትእዛዝ ደብተሮቿን ዘረጋች።

«በጥር የሁለት ሙሽሮችን ጥለት አቀያየርኩ» አለች። «አረንጓዴ ያዘዘችው ቀይ ደረሳት። ሸማኔው የሦስት ሳምንት ልፋቱ ተመለሰበት። አልተናገረኝም እኮ፤ እሱ ነው የባሰብኝ።»

እዚያው ሰናይት ጋ ደወልኩ።

«ትእዛዝ መቀበያውን ብቻ በስድስት ሳምንት እናደርሳለን?»

«ሌላውን ከተውነው እናደርሳለን። ክፍያውም ለኪራይ ይበቃናል።»

ድንቹ ሳይበርድ አንዱን ውል በአራት ከፈልነው። መጀመሪያ ትእዛዝ መቀበያው ይሠራል፤ የሚከፈለውም የእሱ ብቻ ነው። ከጠቀመ፣ ከሽያጩ በሚገኘው የክር መጋዘኑ ይቀጥላል፤ ቀሪው እንደየተራው።

«ባይጠቅመንስ?» አሉ ጋሽ አንጁሎ።

«ያቆሙናል። የቀረውን አይከፍሉም።»

«እንዲህ ከሆነ እፈርማለሁ።»

መመለሻ

ዊንጌት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ፤ እግሬ ዝሏል፣ ልቤ ግን ቀሎ ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል በቀኑ ደረሰ። ከፋሲካ ማግስት እታገኝ ደውላ፣ «አንድም ትእዛዝ አልተሳሳተም!» ስትለኝ አለቀስኩ። አሁን መጋዘኑ ላይ ነን። ወደ ውጭ መሸጫውን ግን ማኅበሩ ራሱ ለጊዜው ይቆይ ብሎታል። እኔ ደግሞ በአሥራ አንዱ ወር ዕቅድ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኩት እሱን ነበር፤ ያማረ መስሎኝ። ያን ቀን ቢፈርሙልኝ ኖሮ ማንም ያልጠየቀኝን ስገነባ ገንዘባቸው ባለቀ ነበር። ጋሽ አንጁሎን እምቢ ስላሉኝ፣ እምቢ ብለውም ተቀመጪ ስላሉኝ አመሰግናቸዋለሁ።