በውሃ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪና

ዘኪያን ያወቅኋት ቆቦ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን ስንኖር ነው። እኔ ከግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል የስፌት ማሽኔን ዘርግቼ ልብስ እሰፋለሁ። እሷ ከባሏ ከኸይረዲንና ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ከጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ትኖር ነበር። የዋጃ ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ ነው ያገባችው። ኸይረዲን ሮቢት በሽንኩርት እርሻ ላይ ይሠራል። ሳምንቱን እዚያው ይከርምና ዓርብ ለጁምዓ ይመጣል። ብዙ የማይናገር፣ ልጆቹን ግን ከትከሻው የማያወርድ ሰው ነበር።

ዘኪያ የአልጋ ቤት አንሶላ አጣቢ ነበረች። ከአውራ ጎዳናው ዳር እትዬ የሺ የሚባሉ ሴት አልጋ ቤት አላቸው፤ የጭነት መኪና ሹፌሮች ያድሩበታል። የሹፌር አንሶላ ደግሞ እንዴት እንደሆነ የታወቀ ነው፤ አቧራውም ግራሶውም አብሮ ይተኛል። ዘኪያ አጥባ ስታሰጣው ግን የቆቦ ፀሐይ አርፎበት ዓይን ያጥበረብራል። እትዬ የሺ እንግዳ በመጣ ቁጥር አንሶላውን ገልጠው ሳያሳዩ ቁልፍ አይሰጡም ነበር። እሷም ትኮራበታለች። «ሰው ቢደኸይም ንጹሕ መሆን አያቅተውም» ትለኝ ነበር።

አንሶላው የሚነጣው በበረኪና ነው። እትዬ የሺ በትልቅ ጀሪካን የሚያስመጡት ያልተበረዘ፣ ክዳኑ ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅስ ነበር። ዘኪያ አንዳንዴ ለቤቷ ልብስ የሚሆን በሃይላንድ ቀድታ ትወስዳለች። እኛ ዘንድ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ነው፤ ማንም አይጥለውም። ዘይት እንጨምርበታለን፣ ላምባ እንጨምርበታለን። እኔ ራሴ የማሽን ዘይቴን የማስቀምጠው በሱ ነበር። ስለዚህ ያ በረኪና ከበሩ ጀርባ፣ ከውሃ ጀሪካኖቹ ጎን መሬት ላይ ተቀምጦ ስንት ቀን ሳየው ምንም አላልኩም።

ነገሩ የሆነው ግንቦት ውስጥ ነው። በልጉ ቀርቶብን ቆላው እንደ ምድጃ ይነዳል። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ አምስት ቀን ሆኖት ነበር። ረፋዱ ላይ ቦኖው ጋ ውሃ መጣ ተባለና ሴቱ ሁሉ ጀሪካኑን እያንጠለጠለ ወጣ። ዘኪያ ስትወጣ ታላቋን ልጇን ራዊያን፣

«እህትሽን ያዣት፣ ከበር እንዳትወጣብሽ። አሁን መጣሁ» አለቻት።

ራዊያ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ትንሿ ኢቅራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ይቀራታል።

ሰልፉ ረዘመ። እኔ ማሽኔ ላይ ሆኜ ኢቅራ በዚያ ኮልታፋ አፏ «ውሃ፣ ውሃ» እያለች ስታለቅስ ይሰማኛል። ልነሣ አልኩና ደግሞ ይህችን ጠርዝ ልጨርስ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ልቅሶው ዝም አለ። «እሰይ፣ ተባበለች» አልኩ በልቤ። ብዙም አልቆየ፣ ጩኸት ሰማሁ። የሕፃን ልቅሶ የሚመስል አልነበረም።

ሮጬ ስገባ ኢቅራ መሬት ላይ ወድቃ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል። ቤቱን የበረኪና ሽታ ሞልቶታል። የፕላስቲክ ኩባያዋ ተገልብጧል። ራዊያ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ዘኪያ ጩኸቱን ከመንገድ ሰምታ ኖሮ ጀሪካኗን በር ላይ ጥላ ገባች።

«ምን ነካብኝ? ቅድስት፣ ምን ነካብኝ?»

«በረኪና ጠጥታለች! አስተፊያት! ጣትሽን ክተቺና አስተፊያት!»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዘኪያም ያልኳትን አደረገች። ልጅቱ የጠጣችውን መለሰችው፤ ጩኸቷ ግን ባሰ። እኛ ያዳንናት መስሎን ነበር።

ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን አራጌ ምሳውን ትቶ ተነሣ። ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተር ዮናስ የሚባል ወጣት ሐኪም ተቀበለን። ምን እንደጠጣች ሲጠይቅ ጠርሙሱን ከቀሚሴ ኪስ አውጥቼ ሰጠሁት። ሐኪሙ አገላብጦ አየው። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አልተላጠም ነበር፤ «የተጣራ የምንጭ ውሃ» ይላል። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ።

«አስተፍታችኋታል?»

ዘኪያ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲወርድ ያቃጠለ ነገር ሲመለስም ያቃጥላል። ለወደፊቱ ማስተፋት የለም። አፏን በውሃ አጥባችሁ፣ የጠጣችውን ከነዕቃው ይዛችሁ ወዲያው መምጣት ነው።»

ሰውዬው ክፉ ሊናገር አልነበረም። ግን «ለወደፊቱ» ሲል ዘኪያ ግድግዳውን ይዛ ቁጢጥ አለች።

ከሰዓት በኋላ ለልጅቱ ልብስ ልንወስድ አብረን ተመለስን። ራዊያ ትተናት ከሄድንበት ግድግዳ ሥር አልተነቃነቀችም። ዘኪያ ፊት ለፊቷ ተንበርክካ፣

«ራዊያ፣ ማን ነው የቀዳላት?» አለቻት።

«ራሷ ናት። ራሷ ከፍታ ነው።»

ዘኪያ የተገለበጠውን ኩባያ አየችው። የዚያን ጠርሙስ ክዳን እሷ ሁልጊዜ አጥብቃ እንደምትዘጋው እኔም አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ከፍታው፣ ወደ ኩባያ ቀድታው! ዘኪያ ግን አልተቆጣችም። የልጅቱን ራስ ዳበሰችና «እሺ የኔ ልጅ» ብላ ተነሣች።

ኸይረዲን በስልክ ተጠርቶ የእርሻ ጭቃው እግሩ ላይ እንዳለ ደረሰ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማን ሰጣት?»

«ማንም። ክዳኑን ሳልዘጋው ሄጄ ነው» አለችው።

«ልጅ ባለበት ቤት መርዝ መሬት ላይ ይቀመጣል?»

እሱም አልደገመውም፤ አልጮኸም፣ አልተማታም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስሟን ጠርቶ ሲያናግራት አልሰማሁም። ሲፈልጋት «ስሚ» ነበር የሚላት።

ብቻችንን ስንሆን «ለምን ዋሸሽው?» አልኳት።

«ሰባት ዓመቷ ነው ቅድስት። ይህን ተሸክማ እንዴት ታድጋለች? በእኔው ይለቅ» አለችኝ።

ኢቅራ በሳምንቷ ከሆስፒታል ወጣች። አጥሚት መጠጣት ስትጀምር ግቢው ሁሉ አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን አለ። ከወር በኋላ ግን የዋጠችው ሁሉ ይመለስ ጀመር፤ መጀመሪያ ቂጣው፣ ከዚያ አጥሚቱ፣ በኋላ ምራቋ ሳይቀር። ደሴ ተላከች። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ጉሮሮዋ ቆስሎ ሲድን ጠባሳው እንዳጠበበው ነገሯቸው። ሆዷን በስተው ቀጭን ቱቦ አስገቡላት፤ ምግቧን በሱ ትወስዳለች። ጉሮሮዋ ደግሞ በየሦስት ሳምንቱ በመሣሪያ እየተገፋ እንዲሰፋ ቀጠሮ ተሰጣት።

ዘኪያ ሁለት ዓመት በዚያ መንገድ ኖረች። ልጅቷን አዝላ ከቆቦ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ፤ ስትመለስ ደግሞ የተጠራቀመው አንሶላ ይጠብቃታል። ምግቡን በቱቦ መስጠት፣ ቱቦውን ማጠብ፣ ዙሪያውን ማድረቅ፣ ሁሉን ተምራው ነበር።

ኢቅራ አደገች፣ ተናገረች፣ ሳቀች። ምግብ ትወድ ነበር። ዳቦ ለምና ትወስድና ደህና አድርጋ አኝካ፣ ጣዕሙን ጨርሳ፣ በኩባያ ትተፋዋለች። «ጣፈጠኝ» ትለኛለች ኩባያውን እያሳየችኝ። ራዊያ ግን እህቷ ፊት መብላት ተወች። ሳህኗን ይዛ ከቤቱ ጀርባ ትሄዳለች። ብዙ ጊዜ ምግቡ ለዶሮ እንደሚሰጥ ያየሁት እኔ ነኝ። ክፍል ውስጥ እንደማትናገርም አስተማሪዋ መልእክት ልካባት ነበር። ዘኪያ በትንሿ ሐዘን ነው ብላ አለፈችው።

በሁለተኛው ዓመት በጸጥታው ምክንያት መንገድ ተዘጋ። መኪና አይሄድም፣ አይመጣም። ሦስት ቀጠሮ አለፈ። ዘኪያ በየቀኑ መናኸሪያ እየሄደች ትመለሳለች። «ዛሬም የለም?» ስላት ነጠላዋን አውርዳ ወደ አንሶላዋ ትሄዳለች። መንገዱ ሲከፈት የሰፋው ሁሉ ተመልሶ ጠቦ ነበር፤ «እንደገና መጀመር አለብን» አሏት። ግን ብዙም አልሄደ። በየካቲት ምራቋ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ደረቷን ያዛት፤ ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ቆቦ ሆስፒታል በገባች በአራተኛው ቀን፣ ከዙህር ሶላት በፊት፣ እናቷ ክንድ ላይ ሞተች። አራት ዓመት አልሞላትም። ኸይረዲን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ለማንም ሳይሰጥ ራሱ ታቅፎ ወሰዳት።

ከቀብሩ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ዘኪያ እትዬ የሺ ጓሮ አንሶላ ስትጨምቅ ራዊያ በትምህርት ሰዓት ደብተሯን እንደያዘች መጣች። ይህን የነገረችኝ ዘኪያ ናት።

«እማ፣ ኢቅራን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

ዘኪያ የያዘችውን አንሶላ ለቀቀችው።

«ጠማኝ ስትለኝ ቀዳሁላት። ውሃ መስሎኝ ነው፣ ወላሂ። ሸተተኝ፤ ግን ታለቅስ ነበር።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ምኑን?»

«አንቺ እንደቀዳሽላት። ከዚያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታውቂ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? እኔኮ በየቀኑ ዛሬ ታውቃለች እያልኩ … አባዬ ሲያኮርፍሽ እያየሁ … ብቻዬን እኮ ነበርኩ እማ!»

ዘኪያ እርጥብ እጇን ሳታደርቅ አቀፈቻት። «አልገደልሻትም። እህትሽ ጠማት፣ አጠጣሻት። አንቺ ያየሽው የውሃ ጠርሙስ ነው። እዚያ ውስጥ መርዝ ጨምሬ መሬት ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የዋሸሁት አባትሽን ስለ ክዳኑ ብቻ ነው፤ ጥፋቱስ የኔ ነው።»

ማታ ይህን ስትነግረኝ፣ «ላድናት ብዬ ነበር ቅድስት። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ጥያት ኖሬያለሁ» አለችኝ።

ዓርብ ኸይረዲን ሲመጣ ራዊያ ራሷ ነገረችው። ቤታቸው በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያወለቀ ነበር። አንዱን አውልቆ ሌላኛውን ሳያወልቅ እስከ መግሪብ ሶላት ተቀመጠ። ከዚያ ልጅቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት። ያን የሚያህል ልጅ! ወደ ሚስቱ ዞሮም፣

«ዘኪያ፣ አውፍ በይኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቃት።

«አላህ ሁላችንንም አውፍ ይበለን» አለችው።

ይህ ሁሉን ነገር አቃና አልልም። ዘኪያ አሁንም ስታጥብ ድንገት ቆማ እጇን ታያለች። ግን ስሟን መጥራት ጀመረ።

እሷ ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስትገባ ዓይኗ አያርፍም። ከአልጋ ሥር፣ ከበር ጀርባ ታያለች። እትዬ የሺም በሷ ጉትጎታ ለበረኪናው ቁልፍ ያለው ሣጥን ግድግዳ ላይ ከፍ አድርገው አሰቅለዋል። ሃይላንድ ይዞ ለመቅዳት የመጣ ሰው በሷ እጅ አይቀዳለትም። የኔን የማሽን ዘይት ሳትጠይቀኝ ወስዳ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለችብኝ። የሚቆጣት አለ። አንዷ ጎረቤታችን የአይጥ መድኃኒቷን ዘኪያ ከምድጃው አጠገብ ስታነሣባት፣

«ስድስት ልጅ ያሳደግሁበት ቤት ነው፤ አንቺ ታስተምሪኛለሽ?» ብላት ነበር።

ዘኪያ መድኃኒቱን በእጇ እንደያዘች፣ «የኔም እስከዚያ ቀን ደህና ነበረች» አለቻት።

አምና ወደ ሮቢት ሄዱ። ኸይረዲን ከእርሻው ወጣ ብሎ ቤት ሠርቷል፤ የሽንኩርቱን መርጫ ኬሚካል እርሻው ላይ በቆርቆሮ ሣጥን ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ወንድ ልጅ ተወልዶላቸዋል። ለአራስ ጥየቃ ስሄድ ራዊያ አሥራ አንድ ዓመቷን ይዛ ረዘም ብላ አገኘኋት። ትስቃለች፣ ታወራለች፣ እንጀራም ፊቴ በላች። ሕፃኑ ሲያለቅስ ግን ብድግ ብላ ወጣች።

«አትይዘውም?» አልኳት ዘኪያን።

«እኔ እያለሁ ትይዘዋለች። በተወለደ ማግሥት ግን 'እማ፣ ከእኔ ጋር ብቻውን አትተዪው' አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«እሺ አልኳት። ገበያም ስሄድ፣ ውሃም ስወርድ አዝዬው ነው የምሄደው። አንድ ቀን ራሷ 'ተዪው፣ እኔ እይዘዋለሁ' እስክትለኝ እጠብቃለሁ።»

እስካሁን አላለቻትም።