ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ ውሃ ፍለጋ

ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩ ቢሯችን ውስጥ ሲወራ ይህቺ ክፍል ስለምትዘለል ነው።

ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ በአንድ የቅየሳ ድርጅት እሠራለሁ። አዲስ አበባ የተማርኩትም ቅየሳ ነው፤ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ግን ኦግደን በሚባል ሰፈር ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለ መጋዘን ካርቶን ስደረድር ዓመታት አልፈው ነው ወደ ሙያዬ የተመለስኩት። ስለዚህ አለቃዬ፣ "ሰው የማይኖርበት ደሴት ላይ የአራት ቀን ሥራ አለ፤ ትሄጃለሽ?" ሲሉኝ ለማሰብ ጊዜ አልጠየቅኩም። አለቃዬ ስልሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነው የምላቸው።

ለእናቴ ስነግራት፣ "ሰው ከሌለበት ምን ልትለኪ ነው?" አለችኝ።

"መሬቱን ነዋ እማዬ። ዳርቻውን ባሕሩ እየበላው ነው አሉ። ወፎቹ እንቁላል የሚጥሉበት ቦታ ምን ያህል እንደቀረ ማወቅ ይፈልጋሉ።"

"ለወፍ ብለው?"

"ለወፍ ብለው።"

"እንግዲያው ወፍራም ካልሲ ያዢ" አለች።

ደሴቱ ከካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ርቆ ውቅያኖስ ውስጥ ብቻውን የቆመ ነው። ዙሪያውን በእግር ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይበቃል። በምዕራብ በኩል ጥቁር ገደል ነው፤ ነፋሱ ከዚያ ስለሚመጣ ዛፎቹ ወገባቸውን ወደ ምሥራቅ አጉብጠው ነው ያደጉት። በምሥራቅ በኩል ግን ከነፋሱ የተጠለሉ ረጃጅም ጥዶች አሉ፤ ግንዳቸው ስፖንጅ በመሰለ አረንጓዴ ተሸፍኗል። አናቱ የሣር ሜዳ ነው። የሄድነው በሐምሌ፣ በካናዳ በጋ ቢሆንም አይሞቅም፤ ክረምቱም ብዙ አይበርድም ይላሉ። ባሕሩ ሁለቱንም ያለዝበዋል። ጠዋት ፀሐይ ከሰዓት በረዶ ለለመደ የካልጋሪ ሰው ይህ ግራ ያጋባል።

ከአለቃዬና ከእኔ ጋር የሄደችው ሦስተኛዋ ባልደረባችን ወጣት የወፍ ተመራማሪ ነበረች። ከሄሊኮፕተሩ እንደወረድን፣ "ሜዳውን ማንም እንዳይረግጥ! ወፎቹ መሬት ምሰው ነው የሚኖሩት፤ ከእግራችሁ ሥር ጫጩት አለ" ብላ አስጠነቀቀችን።

ሦስት ቀን ድሮን እያበረርን፣ ዳርቻውን እየለካን ሥራችንን ጨረስን። በሦስተኛው ቀን ማታ ኮዳዬን ይዘን ከመጣነው ትልቅ የውሃ በርሜል ሞላሁ። ጠዋት ስንነሳ በርሜሉ ባዶ ነበር፤ ሥሩ ያለው መሬት ረጥቧል።

"ቧንቧውን ማን ነው የከፈተው?" አሉ አለቃዬ።

"እኔ ነኝ። በደንብ አልዘጋሁትም።"

"እሺ" አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ጠዋት ጭጋግ ወረደ። በዚያ ቀን ሊወስደን የነበረው ሄሊኮፕተር አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። የቀረን ግማሽ ጀሪካን ነበር። ሜዳው ዳር ያለችውን ኩሬ ቀመስናት፤ የባሕሩ ፍንጣቂ ጨው አድርጓታል፣ በላዩ የወፍ ኩስ ትሸታለች። አለቃዬ የሳተላይቱን ስልክ አስቀምጠው፣ "እስከ ነገ ጠዋት ውሃ ካላገኘን የነፍስ አድን ጀልባ እጠራለሁ" አሉ።

ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ ድሮኑ ያነሳቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ከፈትኩ። በደቡብ ምሥራቁ ተዳፋት ወገብ ላይ ጠቆር ያለ አረንጓዴ መስመር አየሁ። ዛፍ አይደለም፤ የሜዳው ሣርም አይደለም። መስመሩ በአንድ ከፍታ ላይ አግድም ይሄዳል። ዳርቻውን ስለካ ድንጋዩን አይቼው ነበር፦ ከላይ ያለው የተሰነጣጠቀና ዝናብ የሚጠጣ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ሸክላ የመሰለ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ አለ። ውሃ እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ከመውጣት በቀር መሄጃ የለውም።

"እዚህ ጋ ውሃ አለ" አልኳቸው ለአለቃዬ፣ ፎቶውን እያሳየሁ።

"ካርታው ላይ ምንም የለም።"

"ካርታውን የሠሩት ከአውሮፕላን አይተው ነው። እኔ ድንጋዩን አይቼዋለሁ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ነኝ።"

አጭሩ መንገድ በሜዳው በኩል ነበር። ተመራማሪዋ አየችኝ። ሳትናገር ቀደምኳትና፣ "በዳርቻው እንዞራለን" አልኩ። አለቃዬ ስልኩ ዘንድ ቀሩ። ባሕሩ በየቀኑ እንደሚያደርገው ለጥቂት ሰዓት ከዳርቻው ሸሽቶ ስለነበር ሁለታችን በሚያንሸራትት የባሕር ሣር ላይ ሄድን። አንድ መታጠፊያ ላይ የባሕር አንበሶች መንገዱን ዘግተው ተኝተዋል። ትልቁ ቀና ብሎ አጓራብን። ተራ በተራ ወደ ውሃው እስኪገቡ ድንጋይ ተደግፈን ቆምን፤ ብዙ ቆየን።

"ባሕሩ መመለስ ጀምሯል" አለችኝ። "እንሂድ ወይስ እንመለስ?"

ፈርቼ ነበር። ግን ፎቶው ላይ ያየሁትን አልተጠራጠርኩም። "እንሂድ" አልኩ።

ተዳፋቱን እየወጣን፣ ደረታችን የሚደርስ ቁጥቋጦ እየገፋን ሳለ እግሬ ስምጥ አለ። ጎንበስ ብዬ አንዱን አገዳ በጣቶቼ መካከል አሽከረከርኩት፤ ሦስት ማዕዘን አለው። ቄጠማ ነው! የእኛ አገሩ ባይሆንም የእሱ ዘመድ ነው፤ ውሃ በሌለበት አይበቅልም። ድንጋዩ ሥር በእጄ ቆፈርኩ። መጀመሪያ ጭቃ መጣ፤ ጠበቅን፤ ከዚያ ጠራ። ጣት የምታህል ውሃ ነበረች። ቀመስኩት፦ አፈር አፈር ይላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጨው የለውም። ተመራማሪዋ እየሳቀች ፊቷን ነከረችበት።

ኮዳዎቹን እስክንሞላ ባሕሩ መንገዳችንን ዘጋው። እስኪሸሽ ድረስ ተዳፋቱ ላይ ተቀመጥን። ጥቁር ወፎች ትንንሽ ዓሣዎችን በምንቃራቸው አግድም ደርድረው ከጭጋጉ እየወጡ፣ ማረፊያ ሳይመርጡ እያንዳንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ራሱ ጉድጓድ ይገባል። በሺህ ጉድጓድ መካከል የራሱን የሚያጣ አላየሁም።

አመሻሽ ላይ ስንመለስ አለቃዬ ውሃውን አፈሉት፤ ቀዝቀዝ ሲል አንድ ኩባያ ሙሉ ጠጡ። ከዚያ፣ "የምንጩን ነጥብ ለካሽው?" አሉኝ።

"ለካሁት።"

"ጎበዝ።"

ከሁለት ቀን በኋላ ጭጋጉ ተገፈፈና ሄሊኮፕተሩ መጣ። ካልጋሪ ገብቼ አዲሱን ካርታ ስሠራ ተዳፋቱ ወገብ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አስቀመጥኩ፤ አለቃዬም አይተው ፈረሙበት። በቀጣዩ ዓመት ተመራማሪዋ ከደሴቱ ስትመለስ ጻፈችልኝ። ስለ ጫጩቶቹ ብዙ ካወራች በኋላ፣ "ምንጩ በነሐሴም አልደረቀም፤ በጋውን ሙሉ የጠጣነው ከእሱ ነው" ትላለች።