ድምፅ የሌለው ሳል

እንቅርቱ የወጣብኝ ገና የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ነው። በእኛ በፎገራ እንቅርት ብርቅ ስላልሆነ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። አድጌ፣ ዲቁና ተቀብዬ፣ ሚስት አግብቼ፣ ከወረታ ብዙም በማይርቅ ደብር ማሕሌት መቆም ስጀምር ግን የሎሚ ያህል የነበረው እብጠት ብርቱካን አከለ። በጀርባዬ ስተኛ ያፍነኛል። ሌሎቹ በአንድ ትንፋሽ የሚዘልቁትን ዜማ እኔ ሁለት ጊዜ እየቆረጥሁ እጨርሰዋለሁ።

ይኸን ከማንም ቀድመው የለዩት ድጓ ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለብቻዬ ጠሩኝና፣

«ትንፋሽህ እየከዳህ ነው። ሐኪም ይይህ» አሉኝ።

«ጉሮሮዬን ነክተውት ድምፄ ቢቀርስ የኔታ?»

«አሁንስ መቼ ዘለቅህና» አሉኝ፤ መቋሚያቸውን ይዘው ሄዱ።

ጤፉ ታጭዶ ከተከመረ በኋላ ባለቤቴን አስከትዬ ወረታ ወጣሁና አውቶቡስ ተሳፈርን። ሆስፒታሉ የነበረው ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ነው። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ስለሆነ አንድ ቁስል የሚያክም ጎልማሳ ድሬሰር ያስተረጉምለታል። አንገቴን ዳበሰ፣ ውሃ አስዋጠኝ፣ ከዚያ እንቅርቱ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት አለ። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረችኝ።

«ድምፄስ? ማሕሌት የምቆም ሰው ነኝ በልልኝ።»

ድሬሰሩ ነገረው። ሐኪሙ ረዘም አድርጎ መለሰ። ጣቱን ከከንፈሩ እስከ ደረቱ ወደ ታች አስኬደ፣ አፉን ከፍቶ አሳየ፣ አንድ ጊዜም እንደ መሳል አለ። ድሬሰሩ ሁሉን ሰምቶ ወደኔ ዞረና፣

«ይሻልሃል ብሏል» አለኝ።

«ይኸ ሁሉ ንግግር ይሻልሃል ነው?»

«ይኸው ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ በጀርባዬ አጋደሙኝ። አፍንጫዬና አፌ ላይ የሚከረፋ ነገር ደፉብኝ። ቁጠር ሲሉኝ መቁጠሩን ትቼ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርሁ። መሐል ላይ ሳልደርስ ሁሉም ነገር ጠፋብኝ።

ስነቃ መጀመሪያ የተመለሰልኝ ጆሮዬ ነው። ብረት ከብረት ሲጋጭ፣ ሰዎች በማላውቀው ቋንቋ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ዓይኔ አልገለጥ አለኝ። ቀጥሎ ጉሮሮዬን አወቅሁት። አንድ ነገር ተሰንቅሮበታል። ልውጠው ብል አይወርድም፤ ልተፋው ብል አይወጣም። በምላሴ ስነካው ጎማ ነው፤ ከአፌ ውጭ ይጀምርና ምላሴ ከማይደርስበት ድረስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ደረቴ ተነሣና ሳል መጣብኝ። ሳልሁ። ግን ድምፅ የለውም። እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር ብቻ ነው የሚወጣኝ። ደግሜ ሳልሁ፤ ያው ነው። ልጮህ ሞከርሁ፤ ያው ነው። ሞትን ያኔ አላሰብሁትም። ያሰብሁት ድምፄን ከእንቅርቱ ጋራ ቆርጠው ጣሉት ብዬ ነው።

እጄን ላነሣ ብል በጨርቅ ታስሯል። ያለኝ ጥርሴ ብቻ ስለነበር ጎማውን ነከስሁት። በነከስሁት ቁጥር ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ባጠረኝ ቁጥር የባሰ እነክሳለሁ። አንድ ሰው ግንባሬን ያዘኝና የድሬሰሩን ድምፅ ከራሴ በላይ ሰማሁት።

«አትንከስ፤ የምትተነፍሰው በሱ ነው። አፍህን ክፈትና በደንብ ሳል።»

እንዴት እንዳመንሁት አላውቅም፤ አፌን ከፈትሁ። ሳል ስል ቱቦው ተመዞ ወጣ። ከሆዴ የመጣ እስኪመስለኝ ረዘመብኝ። ወዲያው እውነተኛው ሳል ያዘኝ፤ ሻካራ፣ የኔ የማይመስል፣ ግን ድምፅ ያለው ሳል። ስስል የአንገቴ ስፌት የሚቀደድ ይመስለኛል፤ እንዳላስል ብይዘው ጉሮሮዬ ይቆጠቁጠኛል። እንባዬ ይወርዳል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ።

«ስምህን ተናገር ነው የሚልህ» አለኝ ድሬሰሩ።

ስሜን ተናገርሁ። የወጣው ሹክሹክታ ነው።

ባለቤቴ ወደተኛሁበት ክፍል ስትገባ «አለሁ» አልኋት። ጆሮዋን አፌ ድረስ አስጠጋች። እንደገና አልሁላት። አልሰማችኝም ይሆን ሰምታም አላስቻላት ይሆን፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች አልገፋ አሉኝ። ተኛ ይሉኛል፤ እነሣለሁ። አትናገር ይሉኛል፤ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ቆሜ ማንም ሳያየኝ አንዲት ዜማ እሞክራለሁ። እንደ ተበጠሰ ክር መሐል ላይ ትጠፋብኛለች። ከዚያ ሳሉ ይመጣና አንገቴን በሁለት እጄ ደግፌ እጎብጣለሁ። ባለቤቴ አጥሚት ይዛ ትከተለኛለች።

«ቁስሉ ሳይድን ምን ያስቆሰቁስሃል?»

«መኖሩን ልወቅ ብዬ ነው።»

«ከተኛህም ይኖራል።»

በአምስተኛው ቀን ድሬሰሩ ፋሻዬን ሊለውጥ ሲመጣ እጁን ያዝሁት። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ያለውን ሁሉ እንዲነግረኝ በሹክሹክታ ጠየቅሁት። መቀሱን አስቀመጠ።

«ለመተንፈሻ በጉሮሮህ ቱቦ ይገባል፣ ስትነቃ ያስልሃል፣ ድምፅህ ለጊዜው ይሻክራል አለ» አለኝ። «ደግሞ ለድምፅ የሚያገለግል ቀጭን ጅማት በእንቅርቱ ሥር ያልፋል፤ እሱ ከተነካ ድምፅህ ላይመለስ ይችላል አለ።»

«ታዲያ ምነው ደበቅኸኝ?»

«ብነግርህ ትተኛልን ነበር?»

እንደማልተኛ አውቃለሁ፤ በዚያው ቀን አውቶቡስ እሳፈር ነበር። በተኛሁ ቁጥር ከመታፈን አወጣኸኝ ልለው ይገባኝ ነበር። ግን ታስሬ ጎማ ስነክስ የነበርሁት እኔ ነኝና ማመስገን አልቻልሁም። «ቢሆንም ልትነግረኝ ይገባህ ነበር» አልሁት። ፋሻውን ቀይሮ ወጣ።

ቤታችን ስንገባ ሜዳው ውሃውን ጠጥቶ ሽምብራውና ጓያው አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሊለኝ መጣ። እኔ በሹክሹክታ ስመልስ እነሱም ሳያስቡት በሹክሹክታ ያወሩኛል። ቤቱ ሰው ሞልቶት ሁሉም ሲያንሾካሹክ ባለቤቴ መሳቅ ጀመረች፤ እኔ አልሳቅሁም።

በማግስቱ የኔታ ዘንድ ሄድሁ፤ አሰማኝ ሲሉኝ ዜማ ጀመርሁ፤ ተቆረጠብኝ።

«ከወትሮው ዝቅ አድርገህ ጀምር» አሉኝ።

ዝቅ አድርጌ ጀመርሁ። ጥቂት ሄደልኝ። «በቃህ፤ ነገ ትመጣለህ» አሉኝ።

ለገና ማሕሌት ጸናጽል ይዤ ቆምሁ፤ ከንፈሬን እንጂ ድምፄን አላንቀሳቀስሁም። ለጥምቀት ታቦት አጅበን ስንወርድም እንዲሁ። ሰው ያውቅብኝ ይሆን እያልሁ መቆሚያ አጣለሁ፤ እግሬ ከሰልፉ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይቀራል። በየጠዋቱ የኔታ ዘንድ እየሄድሁ ከሥር ከሥር መጀመሩን ግን አልተውሁም። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ድምፄ መጣ። ወፍራም ሆኖ መጣ። ትንፋሼ ረዝሟል፤ ቀድሞ የምወጣው ከፍታ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ላይኛውን ለሌሎች ትቼ ከታች የምይዝ ሆንሁ።

በዓመቱ አንድ ገበሬ ስለ ቀዶ ጥገናው ሊጠይቀኝ መጣ። የእሱ እንቅርት ከኔ የባሰ ነበር፤ ሲናገር ይፉጫል። ቱቦውን፣ የታሰረውን እጄን፣ ድምፅ የሌለውን ሳል፣ ሁሉንም ነገርሁት። አመስግኖ ተነሣ። ሆስፒታል እንዳልሄደ በሳምንቱ ሰማሁ።

እረፍት አጣሁ። ድሬሰሩ ልክ ነበር ማለት ነው? ሰውየው ታፍኖ ቢሞት በማን ነው? ባለቤቴ «አንተ አልከለከልኸው» ብትለኝም አልተዋጠልኝም። ሰውየው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዷል ሲሉኝ ተከትዬ ሄድሁ። አንገቱን በሞቀ ጨርቅ ጠቅልሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ባለፈው ጨርሼ አልነገርሁህም» አልሁት።

«የቀረ አለ?»

«ቱቦው ስትነቃ የሚቆየው ጥቂት ነው። መጥፎው እሱ ነው። አንቀው ሊገድሉህ ነው ብለህ አትታገል፤ አፍህን ከፍተህ ሳል፤ ያወጡልሃል። ከዚያ ጉሮሮህ ለቀናት ያምሃል። ድምፅህን ግን ዋስ አልሆንልህም፤ እሱን አላውቀውም።»

ጨርቁን ውሃ ውስጥ ነክሮ ጨመቀው።

«እኔ ድምፅ ምን ያደርግልኛል፤ በሬ ነው የምጠራው» አለ። ጨርቁን አንገቱ ላይ መልሶ፣ «አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

ማክሰኞ ወጣን። ያ ድሬሰር ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ አላገኘሁትም። በቦታው የተተካውን ወጣት ድሬሰር፣ ሐኪሙ የሚለውን ቃል በቃል እንዲነግረው ለመንሁት፤ ነገረው። ሰውየው ገባ። እኔ ከደጅ እስከ በር፣ ከበር እስከ ደጅ ስመላለስ ረፈደ። አንዲት አስታማሚ ሴት «ወንድምህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኋት፤ መቀመጥ ግን አልቻልሁም። በሩ ተከፍቶ በአልጋ እየገፉ ሲያወጡት ያስል ነበር። ሲያየኝ እጁን አነሣ፤ ጉሮሮውን ነካና እንዳልኸኝ ሆነ እንደ ማለት ራሱን ነቀነቀልኝ። በሁለተኛው ሳምንት ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ ቤቱ በእግሩ ገባ።