እግዚአብሔር ዘንድ ትርፍ ሰው የለም

ወገኖቼ፣ ድምፄ ትንሽ ነው፤ ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልመሰክር አልቀመጥም። ተቆጥቼ ነው የቆምኩት፤ ታገሡኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃል በዋዛ አያልፍም። እኔን ያቃጠለኝ ቃል «ትርፍ» ነው።

ከሞላሌ ስንሳፈር ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር እኔና ታናሽ እህቴ የሺ በወንበሮቹ መሀል ዱካ ላይ ተቀመጥን። ሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ገና ማውጣቱ ነው።

«ቀለሙ ደርቋል?» ብላ የሺ ቀለደችበት።

«እናቴ ትሙት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳት!» አለ። ሰዉ ሳቀ።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ረዳቱ ትራፊክ ፖሊስ አየና «ትርፎች፣ ጎንበስ!» ብሎ ጮኸ። እንደ ልማዳችን ጎንበስ አልን። ፖሊሱን እንዳለፍን ሾፌሩ ነዳጅ ረገጠ፤ ኩርባው ላይ ሲደርስ በድንጋጤ ፍሬን ያዘ። መኪናው ተንሸራቶ ገደል ገባ። ዳሩ ላይ የሚያግድ ብረት የለም፤ ያሉት ባለሥልጣን ሲመጣ ኖራ የሚቀቡ ድንጋዮች ናቸው። ኖራ መኪና ያቆማል እንዴ?

የሺ ሞተች። ሾፌሩም ሞተ። ለእናቱ አለቅሳለሁ፤ ሳይበስል መሪ ያስጨበጡትን ግን ጌታ ይፋረዳቸው!

ሐኪሙ ባሌን «ወገቧ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ትራመዳለች ብዬ አልዋሽዎትም» አሉት። አልጋ ላይ ሆኜ የሟቾቹን ቁጥር በሬዲዮ ሰማሁ። የሞቱትን በስም አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ሰው ጎደለብኝ። ባሌ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «የሺ አልተቆጠረችም ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «እሷማ ትርፍ ነበረች» አሉት። ሞታም ትርፍ!

ሊያጽናኑኝ የመጡት ደግሞ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ እግዚአብሔርን ጠላሁት።

ከጎኔ ልጃቸውን የሚያስታምሙ እትዬ አስካለ የሚባሉ አማኝ ነበሩ። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ስንቱን ያሳብቡበታል!» አሉ ተቆጥተው። «ብረቱን ሳይተክል የቀረው እሱ ነው? መኪናውን እስከ አፉ የጠቀጠቀው እሱ ነው? የራሷን ጠጉር የቆጠረ አምላክ እሷን ዘሎ ያልፋታል ልጄ?»

አለቀስኩ። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ከቆጠርካት እኔም ያንተ ነኝ» አልኩ። ሃሌ ሉያ! እጃቸውን እግሬ ላይ ጭነው ጸለዩልኝ። ሲነጋ የእግሬ ጣት ተንቀሳቀሰ። ሐኪሙ ደጋግመው ነካኩት፤ «እስቲ እንደገና!» አሉኝ። እንደገና ተንቀሳቀሰ። ክብር ለስሙ ይሁን! ይኸው በእግሬ ቆሜያለሁ!

«ከዳንሽ ቁጣሽን ተዪው» የምትሉኝ አላችሁ። አልተወውም። ጌታ የፈወሰኝ አፌን እንድዘጋ አይደለም። ያ ኩርባ ዛሬም ብረት የለውም፤ ዛሬም «ጎንበስ!» ይባላል፤ እኛም ጎንበስ እንላለን።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ በዚህ ጌታ ታመኑ፤ አመሰግነዋለሁ፣ አላሳፈረኝም። ቅዳሜ ለገበያ ስትወጡ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ቢሏችሁ አትግቡ። ከእኔ ጋር በእግር ኑ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እየዘመርን እንሄዳለን።