ሕፃኑ ለማን እንዳለቀሰ

ጠባይ ይመረመራል ሲባል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፣ በጃንሆይ ዘመን። ሽንትስ ይመረመራል፤ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ያስመረመረ ሰው አውቃለሁ። ጠባይ ግን! ወሬውን ከመካነ ኢየሱስ ገበያ ይዛ የመጣችው ጎረቤቴ ናት። በወሊድ ትበልጠኛለችና እትዬ እላት ነበር፤ በቀልድ ግን እኩያዬ ናት። አጥራችን አንድ ነው። የእሷ ዶሮ እኔ ጓሮ ትጥላለች፣ እንቁላሉን ማን እንደሚበላው አትጠይቁኝ።

«ሰማሽ?» አለችኝ ሸክሟን እንኳ ሳታወርድ። «ከአዲስ አበባ አንዲት ልጅ መጥታለች። አስተማሪው ቤት ነው ያረፈችው። የሰው ጠባይ ልትመረምር ነው አሉ።»

«በምኗ?»

«እኔ ምን አውቄ! በዓይኗ ይሆናላ።»

«እንግዲያማ ከባሌ ትጀምርልኝ። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ከተረፈ ወደ ሌላው ትሂድ።»

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ያን ጊዜ ተማሪዎቹን ሳይመረቁ ለአንድ ዓመት ወደ ባላገር ይሰዷቸው ነበር። ይቺኛዋ በአዘቦቱ ልጆች ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የራሷ ጥናት አላት፣ እናትና ልጅ እንዴት እንደሚኗኗሩ ልታይ በየመንደሩ ትዞራለች። እኛ መንደር ስትደርስ ውሻው ሁሉ ጮኸ። ቀሚሷ ከጉልበቷ ላይ የቀረ፣ ፀጉሯ ጎፈሬ፣ ከላይዋ ቀይ ሹራብ። መልከ መልካም ናት፣ ምን ይደረግ፣ ማማት አልቻልንም።

ሰብስባ ጠየቀችን። «ልጅ ሲያለቅስ ምን ታደርጋላችሁ?»

«አብረን እናለቅሳለን» አልኋት።

«ጡት የምታስጥሉት መቼ ነው?»

«ጢም ሲያበቅል» አለች እትዬ።

እሷ እቴ፣ ሁሉንም ትጽፋለች! እኛ በነጠላችን አፋችንን ይዘን እንንፈቀፈቃለን። እንዲህ እያልን ስንቱን ቅዳሜ አሳለፍነው። ግን አንድ ነገር ስትጠይቅ ሳቃችን ይቆም ነበር። «ይህ ልጅ የማን ነው?» ስትል።

ይኸን ሳልነግራችሁ ወደፊት አልሄድም። እኔ ሾተላይ ነበረብኝ። የማታውቁት ብትኖሩ፣ ሾተላይ ማለት የአንዲትን ሴት ልጆች እየተከታተለች የምትወስድ መንፈስ ናት። ስንቱን ወሰደችብሽ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኛ ልጅ አንቆጥርም። ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም፤ የእኔዎቹ ከእትዬ ጋር በምንጋራው አጥር ሥር ናቸው፣ ከቁልቋሉ ግርጌ። ሾተላይ ዓይን የላትም ይላሉ አሮጊቶቹ። ጆሮ ነው ያላት። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች፤ እናት «ልጄ» ስትል ሰምታ ነው የምትገባው።

ከዚያ በኋላ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ማን እንዳማጠች አልናገርም፤ ወገቤ ታውቀዋለች። ገና እትብቱ እንደተቆረጠ አሮጊቶቹ የጓዳውን ግድግዳ ቦረቦሩና በቀዳዳው አሳልፈው ለእትዬ ሸጡት። የእሷ ልጆች ያድጋሉ፣ ቤቷ ሕፃን የሚቀናው ቤት ነው። በአንድ ቁና ገብስ ገዛችው። «ውድ ነው!» ብላ ተከራክራለች ደግሞ፣ ጮክ ብላ፣ ያቺ የደጃፏ እንድትሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ የእትዬ ሆነ። እኔ አጥቢ ነኝ። አፉን ሲፈታ እሷን እምዬ አላት፣ እኔን እታለም አለኝ፣ እንደ ታላቅ እኅት። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ መንደሩ ሁሉ ዝም። እናንተም አሁን ከገባችሁ፣ እኔ አላልሁም፤ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ልጁ መራመድ ጀመረ። ከእነዚያ አንዱም እዚህ አልደረሰም።

ውቂያው የተያዘበት ቅዳሜ ነበር፣ ወንዶቹ አውድማ ናቸው። ተማሪዋ ልጅ ቀይ ኳስ ይዛ እትዬ ቤት መጣች። «ዛሬ ጥያቄ የለም» አለች። «ልጁ ከእናቱ ጋር ቁጭ ይላል፣ እኔ ከጥግ ሆኜ አያለሁ። ከዚያ እናቱ ቀስ ብለው ይወጣሉ። ልጁ ምን እንደሚያደርግ አይና እናቱ ተመልሰው ይገባሉ። በቃ።»

«ምርመራው ይኸው ነው?» አለች እትዬ።

«ይኸው ነው።»

«ውሃ ስንቀዳ በየቀኑ እናደርገው የለም እንዴ! አንቺ ለዚህ ነው አገር ያቋረጥሽው?»

ልጅቷም ሳቀች፤ ቀልድ ታውቃለች። እኔ እንዝርቴን ይዤ መደቡ ላይ ነኝ። እትዬ ቀድማ «ወተቴ ነጥፎ እሷ ናት የምታጠባልኝ» ብላታለችና ልጅቷ ስለ እኔ አላሰበችም።

እትዬ ብድግ ብላ ወጣች። ውጭ የጀመረችው የጎተራ ልቅለቃ አለ፣ ደስ ብሏት ነው የሄደችው። ልጁ ኳሱን ይገፋል። ቀና ብሎ በሩን አየና እንደገና ኳሱን ገፋ። አላለቀሰም። ልጅቷ ግንባሯን ቋጠረች። ትንሽ ጠበቀችና ወደ እኔ ዞራ «እርስዎም እስቲ ይውጡ፤ ድምፅዎ እንዳይሰማው ራቅ ይበሉ» አለችኝ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። በምን ምክንያት? አጥቢ ነኝ፣ አጥቢ ብትወጣ ምን አለ? እምቢ ብል ራሱ ነገር ያወጣል። ወጣሁ። እትዬ እንዳታየኝ በጓሮ ዞሬ አጥሩ ጋ ደረስሁ፣ ቁልቋሉ ጋ። ሌላ መራቂያ የለም።

ያኔ ጀመረ። ልጅ ሲያለቅስ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ያን ለቅሶ ግን ሰምቼ አላውቅም። «እታለም! እታለም!» ይላል። እታለም ማለቱ አሳረፈኝ፤ ያቺ የምታዳምጠዋ ብትሰማም እኅት ነው የምትሰማው። ግን ቃሉ እታለም ይበል እንጂ ድምፁ ሌላ ነው። ድምፁን ማን ያስተምረዋል? ጡቴ ፈሰሰ፣ ቀሚሴ ራሰ። እግሬ ሥር እነዚያ አሉ፤ አንዳቸውም እንዲህ አድርገው ሳይጠሩኝ የሄዱ። እነሱም የሚሰሙት መሰለኝ። ዛሬም ብናገር ሰው አያምነኝም፣ ግን ከመሬቱ ውስጥ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ነገር ነበር። ገብቼ ባነሣው ይታወቅብኛል፤ ባልገባ ልጁ ሊሞትብኝ ነው። እንዝርቴን ጨብጬ ቆምሁ።

ልጅቷ ልጁን ታቅፋ ወጣች። ሲያየኝ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ ተወረወረ። እሷም ፊቷ በራ፣ የጠፋ በሬ ያገኘ ሰው ነው የምትመስለው፤ በዚያ ጥርት ባለ ድምፅዋ መንደሩን እያስተጋባች፦

«እናቱ እርስዎ ነዎት! ልጁ የእርስዎ ነው!»

እትዬ ከጎተራው ስር እንዴት እንደበረረች አላየሁም። እጇ እስከ ክንዷ እበት ነው። በዚያው እጇ የልጅቷን አፍ ግጥም!

«በስመ አብ! በስመ አብ! ምን አፍ ነው ይኸ!»

ልጅቷ አፏ እበት፣ ዓይኗ እንባ። ሌላ ቀን ቢሆን ስቄ እሞት ነበር። ያን ቀን ግን እኔ የማየው የእትዬን ደጃፍ ነው። ማንም የለም። ማንም አለመኖሩ ነው የሚያስፈራው።

እትዬ በሹክሹክታ ሁሉን ነገረቻት፤ ሾተላይን፣ ቀዳዳውን፣ ገብሱን፣ ቁልቋሉን። ልጅቷ እግሯን አየች፣ የት እንደቆመች ሲገባት ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።

«አሁን ምን ይሻላል?» አለች፣ እሷም በሹክሹክታ።

እትዬ አሰበች። «ያወጣው አፍ ይግዛው። አንቺ ግዢው። የእሷ ነው ያልሽውም፣ የእኔ ነው ያልሁትም ውሸት ይሁን።»

«ሰው እኮ አይሸጥም! በሕግ የተከለከለ ነው!»

«ዝም በይ አንቺ ልጅ! የምንሸጥልሽ ለሕግ ነው እንዴ?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ልትስቅ ነበር መሰለኝ፣ ከንፈሯ ጀምሮ ነበር። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች እንጃ፣ ሳቋን ዋጠችው። ሹራቧን አወለቀችና ለእትዬ ሰጠቻት። እትዬም ሁሉም እንዲሰማ ጮኸች፦ «ሸጫለሁ! የራቀ አገር ሰው ገዝቶታል! ከእንግዲህ የእኛ አይደለም!» ሹራቡን መልሳ ልጁን ጠቀለለችበት፤ ገዢም በደጃፍ፣ ያቺ ባለችበት በኩል፣ ይዛው መውጣት አለባት።

ሥርዓቱ ያስጨንቃል። ከሻጭ ወገን ያለቀሰ ካለ ሽያጩ ይፈርሳል። እኔ ቁጭ ብዬ ፈተልሁ። ልጁ በትከሻዋ ላይ ሆኖ «እታለም!» እያለ፣ ድምፁ እየራቀ ሄደ። በአውድማው በኩል ነው የወሰደችው። ባሌ በሬዎቹን እየነዳ ነበርና ቀይ ሹራብ የተጠቀለለ ልጅ በእንግዳዋ ልጅ ትከሻ ላይ አየ። አለንጋው አየር ላይ ቀረ አሉ። ያ ጠባዩ የማይመረመር ባሌ! አንድ ጊዜ ወደ ቤት አየ፣ ከዚያ እንደ ማንኛውም መንገደኛ፦

«የማን ልጅ ነው?» አላት።

«የእኔ ነው!» አለች።

«ያሳድግልሽ» አለና በሬዎቹን ነዳ።

ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ደርሳ መመለስ ነበረባት። ዘገየች። ፈትሌ ተበጠሰ፣ ቀጠልሁት፣ ተበጠሰ። እትዬ «መጣች» ትላለች፤ ትወጣና አይታ «መጣች፣ መጣች» ትላለች፣ ሳትመጣ። እኔ ደግሞ እዚያ ቁጭ ብዬ፣ ወስዳው ቀርታ ቢሆንስ አልሁ። ያኔ አንድ ነገር አሰብሁ፦ ትውሰደው። የትም ይዛው ትሂድ፣ ብቻ ይኑር።

ስትመለስ ልጁ ተኝቶላታል። ደጃፍ ቆማ፣ እትዬ እንዳስጠናቻት፣ ጮክ ብላ «ልጄን አሳድጉልኝ፣ አጥቡልኝ» አለች። ተቀበልኋት፣ እንደ ሞግዚት።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ትመጣለች። አጥሩ ጋ ሆና «ልጄ እንዴት ነው?» ማለት አለባት። መጀመሪያ አፍራ አፏን ስትይዘው፣ እኛ «ድምፅሽን አውጪው እንጂ፣ አንቺ እናት!» እያልን እናበሽቃት ነበር። እየቆየች ግን ሳናስታውሳት ትለው ጀመር። ልጁ ጥርሱን ጨረሰ፣ ሮጠ፣ በዶሮ ድንጋይ ወረወረ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ልትሰናበት መጣች። «እንግዲህ ስለ እኛ ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አልኋት።

«የዚያን ቀኑን አልጻፍሁትም። እናት ብዬ ማንን ልጻፍ? ብጽፈው ይነበባል፣ ሲነበብ ደግሞ...» አለችና ወደ ደጃፉ ዞረች። ከዚያ «ተከትላኝ ብትመጣስ?» አለችኝ።

«ማን?»

«እርስዎ ያውቋታል።»

«አዲስ አበባ ጫጫታ ነው ይላሉ፤ እዚያ አትሰማሽም። ደግሞም ስትወልጂ ላኪብኝ፣ እኔ እገዛልሻለሁ» አልኋት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ወሬዋን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። አልላከችብኝም። ደኅና ወልዳ ሳያስፈልጋት ቀርቶ ነው እላለሁ፣ ቀን ቀን።

እትዬም ባሌም አረፉ። ልጁ አለ። ሽበቱ ከእኔ ሊበልጥ ምንም አልቀረው፣ ሆዱም ወጥቷል፣ እነግረዋለሁ። ልጆቹ አያቴ ይሉኛል፤ አያት ቢባል ግድ የለም፣ አያት ማለት ሽማግሌ ሁሉ ነው። እሱ እስከ ዛሬ እታለም ነው የሚለኝ።

ባለፈው ለጥምቀት መጣ። እራቱን አቅርቤለት ፊቱ ተቀመጥሁ። አይበላም።

«እታለም፣ ሁሉን ሰምቻለሁኮ» አለኝ። «መንደሩ ነግሮኛል፣ እምዬም ሳታርፍ ነግራኛለች። ሸምግያለሁ። ከእንግዲህ ማን ይወስደኛል? አንድ ቀን ካንቺ አፍ ልስማው።»

«ምኑን?»

«አንዲት ቃል ናትኮ።»

አንዲት ቃል ናት። ምላሴ ላይ ደረሰች፣ ቅርጿንም ክብደቷንም አወቅሁት፤ ያን ሁሉ ዘመን ስፈትላት ኖሬ የለም እንዴ። በሩን አየሁ። ክፍት ነው።

«ተነሥና በሩን ዝጋው» አልሁት።

ዘግቶ ተመለሰ። እንደ ሕፃን አገጩን በእጁ ይዞ አፍ አፌን አየኝ። እሱ እኔን ጠበቀ፣ እኔ ግድግዳውን አዳመጥሁ።

«ብላ አንተ» አልሁት። «እራትህ ቀዘቀዘ።»